ሱሪዬን ይዤ ያየሁት ደርቢ

«ጋሼ፣ የእናንተ ቡድን የትኛው ነው?»

የጠየቀኝ ከኬንያ ለአንድ ሴሚስተር በልውውጥ የመጣ ተማሪ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት በቀኝ እጄ ሱሪዬን፣ በግራ እጄ የተጣጠፈ ጋዜጣ ይዤ ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ። ሱሪዬን የያዝኩት ቀበቶዬ በር ላይ ስለቀረ ነው። ጋዜጣውን አናቴ ላይ የደፋሁት ደግሞ ጃንጥላዬም እዚያው ስለቀረ ነው።

«የትኛውም አይደለም» አልኩት።

ልጁ ሜዳውን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ዞሮ እኔን አየ። «ታዲያ ጨዋታው ለምን እዚህ ሆነ?»

አልመለስኩለትም። አፌን ስከፍት አቧራ ቀደመኝ። ይሄው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሯል፤ ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ልጁ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። በመጣ በሳምንቱ ከአማርኛ «ጋሼ»ን፣ ከኦሮምኛ «ገላቶሚ»ን ለቀመና ሁለቱንም ጠዋት ማታ እኔ ላይ አዋላቸው። እንግዲህ ማን ይጨክንበታል? የውጭ ተማሪ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1950 ዓ.ም. አክራ በተደረገው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ላይ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል እሰጣለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር። ከኬንያ መጥቶ አዲስ አበባ የተማረው ሮበርት ኡኮ ኋላ የአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኗል። ይህም ልጅ ነገ ሚኒስትር ይሆን ይሆናል። ከሆነ ስለ አዳማ የሚያስታውሰው የእኔን ቀበቶ ፍለጋ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

ነገሩን ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን ስለ አገሩ ኳስ አጫወተኝ። ናይሮቢ ውስጥ ጎር ማሂያና ኤኤፍሲ ሌፓርድስ ሲገናኙ ጨዋታው «ማሼሜጂ ደርቢ» ይባላል፤ በስዋሂሊ የአማቾች ደርቢ እንደ ማለት ነው። የሁለቱ ክለብ ደጋፊዎች ከሚጋቡ ማኅበረሰቦች የመጡ ስለሆኑ ነው አለኝ። ሰው በእሁድ አማቱን ሰድቦ በሰኞ ሠርግ ይጠራዋል። «እናንተስ ደርቢ የላችሁም?» ሲለኝ የአገር ኩራት ተናነቀኝ። የለንም እንዴት ይባላል? ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ ክለብ ነው፤ ከኢትዮጵያ ቡና ጋር ሲገናኝ ሸገር ደርቢ ይባላል፣ አዲስ አበባም ለሁለት ትከፈላለች። እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ምን ነበረበት! እኔ ግን ቀጠልኩና «አሁንማ ትልልቆቹ ጨዋታዎች እዚሁ ደጃችን ድረስ ይመጣሉ» አልኩት።

«ውሰደኛ!» አለ።

የሄድንበትን ጨዋታም ሆነ ሜዳውን በስም አልጠራም። ሁለቱም ክለቦች ደጋፊ አላቸው፤ እኔ ደግሞ ቤቴ የሚታወቅ ሰው ነኝ። ሜዳውንም ብጠራው ትርፍ የለውም፤ የምናገረው ሁሉ በሌላውም ሜዳ የደረሰባችሁ ነው።

የጨዋታ ቀን የሚጀምረው በኳስ አይደለም፣ በክላክስ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ 99 ኪሎ ሜትር ትርቃለች ሲባል ድሮ ትርጉም ነበረው። ደብረ ዘይት ላይ ሻይ፣ ሞጆ ላይ ወሬ፣ ከሰዓት በኋላ ናዝሬት። አሁን የፍጥነት መንገዱ ስላለ ደጋፊ በጠዋት ተነስቶ ገና ቁርስ ሳንበላ አዳማ ፍራንኮ ላይ ይጨፍራል። ወያላው ዛሬም ቃሊቲ ላይ «ናዝሬት! ናዝሬት!» ነው የሚለው፤ ከተማዋ አዳማ የሚለውን ስሟን በይፋ ከያዘች ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። እኛ በስማችን ተጣልተን አናውቅም፤ ሁለቱንም አቤት እንላለን። የሚያስቀይመን በሁለቱም ስም ተጠርተን በአንዱም አለመጋበዛችን ነው።

ከተማችን እንግዳ ለምዳለች። የስብሰባ ከተማ ነች፤ በየሆቴሉ ደጅ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው አይጠፋም። የተሰብሳቢ እንግዳ ግን አበሉን ይዞ ይመጣል፣ ቀን ይሰበሰባል፣ ማታ ሶደሬ ሄዶ ይዋኛል። የደርቢ እንግዳ ሲመጣ አልጋ የሚባል ነገር ከምድር ላይ ይጠፋል። ያን ሰሞን አንድ ዘመዴ ለሐዘን ከአሰላ መጥቶ አልጋ ፈልጎ ሲያጣ፣ ካገኘም ዋጋውን ሲሰማ፣ ለቅሶ ላይ ያላነባውን እንባ ሆቴል በር ላይ አነባው። ከእኔ ጋር መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈን አደርን። ሌሊቱን ሙሉ ከአስፋልቱ ማዶ ከበሮ ይደለቃል።

ባጃጅስ? በሌላው ቀን ሰው ሲጎድል ለምኖ የሚጭነው ባለ ባጃጅ በዚያ ቀን ቀና ብሎም አያይህም። «ወደ ሜዳ ነው?» «አዎ።» «ኮንትራት ብቻ ነው።» ሦስት ሰው ሆነን ብንከፍልስ? ኮንትራት ነው። የሰፈርህ ልጅ ነኝ እኮ፣ አባትህን አውቀዋለሁ! ኮንትራት ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ ባጃጁን ልግዛው ወይስ ልሳፈርበት የሚለው ግራ ገባኝ። እንግዳዬ ሊከፍል ኪሱ ሲገባ ደግሞ የባሰ አፈርኩ። በእግራችን ሄድን።

የትኬት ሰልፍን አልተርክም። ሰልፍ የምትሉት ነገር በመጀመሪያ ሃምሳ ሜትር ሰልፍ ነው፣ ከዚያ ክምር ነው፣ መስኮቱ አጠገብ ሲደረስ ትግል ነው። ትኬት መስኮቱ ላይ አልቋል፤ ከመስኮቱ አጠገብ በቆመው ልጅ እጅ ግን አላለቀም።

የፍተሻው በር ጋ ስንደርስ አንድ ወጣት ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ፋዘር፣ ቀበቶዎን ያውልቁ» አለኝ።

በመጀመሪያ ስለ «ፋዘር» ልናገር። ጋሼ ማለት ምን ጎደለው? አባቴ ማለት ምን አነሰው? አዳማ ውስጥ «አባ» ቢለኝም በደስታ አቤት እላለሁ። ፋዘር የምትባለው ቃል ግን ሰውን አክብራ ታስረጀዋለች። እሺ ይሁን፤ ቀበቶውስ ለምን? ቀበቶ ተፈትቶ ሰው ይገረፍበታል አሉኝ። እውነት ነው፣ ሆኖ ያውቃል፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ማንን ልገርፍ? የገዛ ልጆቼን እንኳ ገርፌ አላውቅም። አወለቅኩ። ጃንጥላም አይገባም፣ ጫፉ ይወጋል። ሃይላንድ ውሃም አይገባም፣ ይወረወራል። ስክሪብቶ፣ የቤት ቁልፍ ላይ ያለች መክፈቻ፣ ለአይኔ የያዝኳት ትንሽ ጠብታ ሁሉ በር ላይ ቀሩ። ውስጥ ስገባ የመጀመሪያው ያየሁት ምን መሰላችሁ? ያው ሃይላንድ፣ በእጥፍ ዋጋ ሲሸጥ። በር ላይ የሚወረወረው ውሃ ውስጥ ሲገባ አይወረወርም ማለት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ፍትሕ ነበር፤ የልጁም ቀበቶ ቀረ። ሁለታችንም ሱሪያችንን ይዘን ደረጃውን ስንወጣ «ይህ የአገራችሁ ባህል ነው?» አለኝ። «የስፖርት ባህል ነው» አልኩት።

አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ መቀመጫው ሁሉ ስም አለው፤ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ። ሰው የት እንደሚቀመጥ ሲናገር ኑሮውን ይናገራል። እኛ የተቀመጥንበት ግን ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ ፀሐይና የባሰ ፀሐይ። ሲሚንቶው እንደ ምጣድ ግሏል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሲሚንቶ ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ ያልቀመሰ ሰው እንጀራን አይዘን። ጋዜጣዬን ከሥሬ ላድርገው ወይስ ከላዬ? ከሥሬ ሳደርገው አናቴ ይነዳል፤ ከላዬ ሳደርገው ሌላው ይነዳል።

ከዚያ ንፋሱ መጣ። ከከተማችን በላይ ኮረብታው ላይ የቆሙትን ነጫጭ የንፋስ ማማዎች አይታችኋቸው ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102 ተተክለዋል፤ በአንድ ላይ 136 ማማ፣ ከ200 ሜጋ ዋት በላይ ኃይል። መሐንዲሶቹ ቦታውን የመረጡት አዳማ ንፋስ ስለማይጠፋባት ነው። እነዚያን ግዙፍ ክንፎች የሚያዞር ንፋስ ወደ ሜዳ ሲወርድ የሚያዞረው ስላጣ አቧራውን ያዞራል። ተከላካይ ወደ ፊት የመታው ኳስ ወደ በረኛው ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። አይቻለሁ ስል በአንድ ዓይኔ፤ በሌላው አፈር ነበር። ጠብታዬ በር ላይ ናት።

ጎረቤት ደግሞ የማይመረጥ ነገር ነው። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ አሠልጣኝ ነው፤ ያልተቀጠረ አሠልጣኝ። ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ «አስፋ! አስፋ እንጂ! ምን ትቆማለህ፣ ተመለስ!» ይላል። ተጫዋቹ ከመቶ ሜትር በላይ ይርቃል፣ የሚሰማው የእኔ ጆሮ ብቻ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ልሰፋ፣ አንድ ጊዜ ልመለስ ምንም አልቀረኝ።

በስተቀኜ ያለው ወጣት የማንም ደጋፊ አይደለም፤ የወረቀቱ ደጋፊ ነው። ቤቲንግ ቆርጧል። እንግሊዝ አገር ያለ ጨዋታ፣ ስፔን አገር ያለ ጨዋታ፣ እኛ ፊት ለፊት ያለው ጨዋታ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ታስረዋል። ፊቱ ሜዳው ላይ ነው፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ማንም ሳያገባ ድንገት ይነሳና ይጮኻል፤ አጠገቡ ያለው ሁሉ ጎል ያመለጠው መስሎት ይደነግጣል። ዛሬ በየከተማው፣ በሞጆም በመቂም በባቱም፣ እንዲህ ያለ ሦስተኛ ደጋፊ ሞልቷል። ክለብ የለውም፣ ማልያ የለውም፣ ስድቡ ግን የሁለቱን ያህል ነው።

ዝማሬውስ? መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ በአንድ ጊዜ የሚነሳው ሕዝብ ደም ያሞቃል፣ አልክድም። ዳኛው አንድ ቅጣት ምት ሲነፍግ ግን ዜማው ሳይለወጥ ግጥሙ ይለወጣል። እንግዳዬ በአድናቆት «ምን እያሉ ነው?» አለኝ። «የዳኛውን እናት እያነሱ ነው።» «ታዋቂ ሴት ናቸው?» «ዛሬ ሆነዋል» አልኩት።

ይባስ ብሎ ልጁ የለበሰው ጃኬት የተቀመጥንበት ወገን ተቀናቃኝ ክለብ ቀለም ሆኖ ተገኘ። ቀለሙን ብነግራችሁ ክለቡን ታውቁታላችሁ። አንድ ሁለት ሰው ዞረው አዩት። እኔ ፈጥኜ «እንግዳ ነው፣ ከውጭ አገር ነው!» አልኩ። ሕዝባችን ምኑም ቢበላሽ እንግዳ የሚለው ቃል ላይ አይጨክንም፤ «በል ተቀመጥ፣ ወንድሜ» ብለው ኦቾሎኒ ዘገኑለት። ለእኔ ማንም አልዘገነልኝም። በገዛ ከተማዬ እንግዳ ነኝ ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው። የእናንተ ቡድን የትኛው ነው? ለምን እዚህ?

እንዲህ ነው፣ ልጄ። ኮሮና መጥቶ የ2012 ዓ.ም. ውድድር ተቋረጠ። በዓመቱ ፕሪሚየር ሊጉ በ68 ሚሊዮን ዶላር የአምስት ዓመት ውል ወደ ሱፐር ስፖርት ካሜራ ገባ። ካሜራ ደግሞ እንደ ቡድን በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ አይዞርም፤ ክለቦቹ ናቸው ወደ ካሜራው የሚሄዱት። ስለዚህ ሊጉ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ድንኳኑን ተክሎ ለሳምንታት ይቆያል፣ ነቅሎ ወደ ሌላው ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ሆነ፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አዳማም ገባችበት። በአዳማ ጨዋታዎቹ የተካሄዱት በዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው፤ ጅማ ላይም እንዲሁ የዩኒቨርሲቲ ሜዳ ነበር።

እናም አንዱ የአዲስ አበባ ክለብ ሌላውን የአዲስ አበባ ክለብ ለመግጠም 99 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዳማ ይመጣል። የእኛው ክለብ አዳማ ከተማ ደግሞ ተራው ሲደርስ የ«ሜዳውን» ጨዋታ ድሬዳዋ ወይም ሐዋሳ ሄዶ ይጫወታል። እኛ እዚሁ አዳማ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ከሥራ መልስ በእግራችን ሄደን፣ የተጫዋቹን እናት በስም እያወቅን (በክፉ ሳይሆን፣ ጎረቤት ስለሆኑ) እናየው የነበረው ቡድን አሁን የሻይ ቤት ቴሌቪዥን ውስጥ ነው የሚኖረው።

የእኛ ይሻላል ብለን ደግሞ እናመስግን፤ ሊጉ እኛ ዘንድ በሚከርምበት ጊዜ ቡድናችንን ጥቂት እናየዋለን። ሻሸመኔን አስቡ። ሻሸመኔ ከተማ ስንት ዓመት ለፍቶ በ2016 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገባ። በዚያ ዓመት ሊጉ አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ነበር። ቡድኑ በሦስቱ ከተሞች ተንከራተተ፣ በመጨረሻም ወረደ። ወጣ፣ ወረደ፤ በዚያ ዓመት ሻሸመኔ ውስጥ ግን አንዲት የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አልተደረገችም። ሐዋሳ ለሻሸመኔ ቅርብ ናት ትሉኝ ይሆናል። ቅርብ ናት፤ ግን ሠርግህን ጎረቤት ቤት ደግሰህ «ቅርብ ነው» አትልም። እዚያ ከተማ ያለ አንድ ሕፃን ቡድኑ ከትልልቆቹ ጋር ሲጫወት ለማየት መታደል የነበረበት በዚያ ዓመት ነበር። አሁን ሲያድግ ለልጁ ምን ብሎ ያወራል? «በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ።»

ትልቁ ቡድንስ መች ከዚህ ተረፈ? ካፍ ሜዳችሁ ደረጃውን አያሟላም ካለን ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በስደት ሲጫወት ኖሯል። በ1949 ዓ.ም. ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ እኛ ነን። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳን ሰዎች ነን። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ያቺኑ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «ሜዳችን» የት ነበር? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ዳዋ ሆቴሳ ነው፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ የአዳማ ከተማ አጥቂ ሆኖ ለአፍሪካ ዋንጫ ሄዶ ያውንዴ ላይ ካሜሩንን ገና በአራተኛው ደቂቃ ያስደነገጠ ልጅ። እንዲህ ያለ ቀን በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚመጣው! ከአዳማ ማን አየው? በቦታው ያጨበጨቡለት ማላዊዎች ናቸው። ማላዊዎቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው።

የሌላውን ወገን ምክንያት አልሰማሁም አትበሉኝ፤ ሰምቻለሁ። በየከተማው ያለው ሳር አይመጥንም፣ መብራት የለም፣ ካሜራ የሚቆምበት ቦታ የለም፣ ጥበቃ ያስቸግራል፣ ቡድን በየሳምንቱ ማጓጓዝ ገንዘብ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ባለ አልጋውም ባለ ባጃጁም የከተማዬ ሰው ነው፤ ያን ሰሞን እሱ እንጀራ ይበላል፣ አልመቀኝም። ግን ደርቢ ሲባል ምን ማለት ነው? ሰኞ ሥራ ቦታ የምትበሽቅበት ሰው ማለት ነው። ባለ ሱቁ የዚያኛው፣ ባለ ሥጋ ቤቱ የዚህኛው፣ አማትህ የተቀናቃኝህ ደጋፊ ሲሆኑ ነው። የልጁ የኬንያ አማቾች ነገር ገብቶኛል። እዚህ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ሁለት ወገን መጥቶ ከተማዬ ላይ ተሰዳድቦ በማታው መኪና ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ የምበሽቅበት ሰው አልነበረም። የቀረልኝ አቧራው ነው።

የዩኒቨርሲቲ ሜዳ ነገርም አለ። አሜሪካ ያለ የእህቴ ልጅ አንድ ጊዜ ቪዲዮ ላከልኝ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው፤ 107,601 ሰው ይይዛል። የሚጫወቱት ተማሪዎች ናቸው፣ ተቀናቃኛቸውም የጎረቤት ክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ሽማግሌ ሁሉ የትምህርት ቤቱን ቀለም ለብሶ ያለቅሳል። ለእንግዳዬ ሳሳየው «እኛስ የተማሪዎቹን መቼ ነው የምናየው?» አለኝ። ለዚህም መልስ የለኝም። የእኛ ተማሪ በዲፓርትመንት ተከፋፍሎ ሲጫወት የሚያየው ተራውን የሚጠብቀው ቡድንና ጫማ የሚጠብቅ አንድ ጓደኛ ነው። ሲቪል ከሜካኒካል ሲጫወት እውነተኛ ፉክክር አለ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ብሽሽቅ አለ፣ ቀበቶም አይወለቅም። ካሜራ ግን የለም።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። ጎል ገባ። አላየሁም። ሁሉም ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ፣ ለማጨብጨብ ሁለቱንም እጄን ስለቅ ሱሪዬ ተንሸራተተ፤ እሱን ስይዝ ጋዜጣዬን ንፋስ ወሰደው፣ ጋዜጣዬን ስከተል ኳሱ መረብ ውስጥ ነበር። ከኋላዬ ያለው አሠልጣኝ «አላልኩም? አላልኩም?» ይላል። ቤቲንጉ ልጅ ወረቀቱን ቀዳደደ። እንግዳዬ «ማን አገባ?» ሲለኝ «ማታ በዜና እንሰማለን» አልኩት። በትልቁ ሜዳ፣ ከትኬት ጋር፣ ጎሉን ከማታ ዜና።

ሲያልቅ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ በር ወጣ። በር ላይ የቀበቶ ክምር አለ፤ እንደ እባብ ተጠላልፎ። ማን የማንን ያውቃል? አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው ይጎትታል፣ ጨለማ ነው፣ «ፋዘር ቶሎ ይበሉ!» ይሉኛል። እጄ የገባውን አንስቼ ወጣሁ። ልጁ የራሱን አገኘ። ጃንጥላዬ ግን ለሌላ ሰው ጥላ ሆናለች። ባጃጅ የለም፤ ያለውም ኮንትራት ነው። እስከ ፍራንኮ በእግራችን፣ ከዚያም እስከ ቤት በእግራችን። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳራግፍ የወጣው አፈር ቃሪያ ይተከልበታል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊጉ ድንኳኑን ነቀለ። አልጋው ረከሰ፣ ባጃጁ ደግሞ መልሶ ይለምነን ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት ከልጁ ጋር ሰፈር ሻይ ቤት ተቀምጠን የአዳማ ከተማን ጨዋታ በቴሌቪዥን አየን። ጨዋታው ድሬዳዋ ነው። ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ይበሻሸቃል፣ ባለ ሻዩ ብርጭቆ መሰብሰብ ትቶ ቆሟል። ፀሐይ የለም፣ ፍተሻ የለም፣ ቀበቶ ታጥቄያለሁ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በራ፤ «የእናንተ ቡድን ይሄ ነዋ!» አለ። አዎ፣ ይሄ ነው።

ስለዚህ ነገሩ የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ። ሁሉንም ጨዋታ አልጠየቅንም። እያንዳንዱ ክለብ በዓመት ጥቂት ጨዋታ እንኳ በገዛ ከተማው የሚጫወትበትን መላ ፈልጉ፤ የሻሸመኔ ሕፃን የሻሸመኔን ቡድን ሻሸመኔ ላይ ይየው። እስከዚያው በር ላይ ለቀበቶው ቁጥር ስጡት፣ ውስጥ ውሃውን በልኩ ሽጡት።

የእኔን ቡናማ ቀበቶ የወሰድከው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ያንተ እኔ ጋ ነው። ሁለት ቀዳዳ ጨምሬበታለሁ፣ ይቅርታ።